ከጎንደር ሆኖ አነስተኛ የጥበብ ግራንት ማመልከት፦ ከሐሳቡ እስከ መጨረሻዋ ደረሰኝ

የመጀመሪያዬን ፕሮፖዛል የጻፍኩት ጎንደር ፒያሳ አንድ ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብዬ፣ ለጸሐፊዋ ቃል በቃል እየነገርኳት ነው። ዐሥራ ሁለት ገጽ ወጣው። ዘጠኙ ገጽ ስለ ዐፄ ፋሲል፣ ስለ ግንቡ፣ ስለ ጎንደር የሥዕልና የዜማ ታሪክ ነበር። የቀረው ሦስት ገጽ «በትሕትና እንጠይቃለን» እና «ድጋፋችሁን በአክብሮት እንጠብቃለን» እያለ ያልቃል። ጸሐፊዋ ስትጨርስ ቀና ብላ «እና ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለችኝ። ሳቅሁባት። ከሁለት ወር በኋላ የገንዘብ ሰጪው መልስ ሲመጣ ግን ጥያቄው የእሷው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለሌሎችም ብዙ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ያገኘነውም ያጣነውም አለ። እዚህ የምጽፈው ለአዝማሪው፣ ለሠዓሊው፣ ለሰፈር ቴአትር ቡድኑ፣ ለሸክላና ለሽመና ባለሙያው፣ ገንዘብ ያዥ ሳይኖረው ገንዘብ ለሚፈልገው ሁሉ ነው። ነገሩ ይረዝማል፤ በጀቱ ላይ በተለይ ቆም እላለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

1. ግራንት ምን እንደሆነ አጥርታችሁ እወቁ

ግራንት አይመለስም፤ ስለዚህ ብድር አይደለም። ስፖንሰርም አይደለም። ስፖንሰር የሚያደርግ የቢራ ፋብሪካ ወይም ባንክ ስሙ በባነሩ ላይ እንዲታይለት ይከፍላል፤ ግራንት ሰጪው ግን የሚከፍለው እሱም ለሚያምንበት ዓላማ የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግራንት ምጽዋት አይደለም። እኛ ዘንድ ደብዳቤ ሲጻፍ ችግርን ማስቀደም ልማድ ነው፤ «መሣሪያ የለንም፣ አዳራሽ የለንም፣ የሚደግፈን አጣን»። አንባቢው ያዝናል፣ ገንዘቡን ግን ለሌላ ይሰጣል። የቀረበለት ችግር እንጂ ሥራ አይደለማ።

አነስተኛ ግራንት የሚባለው መጠኑ እንደ ሰጪው ይለያያል። የአምስተርዳሙ ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ በ2021 እ.ኤ.አ. በጀመረው የጀማሪዎች ሽልማት ለአንድ ሰው 5,000 ዩሮ ይሰጣል። ዩኔስኮ ለባህል ብዝኃነት ያቋቋመው ፈንድ እስከ 100,000 ዶላር ይደርሳል፤ ይሄኛው ግን ለግለሰብ አይደለም፣ ፉክክሩም ዓለም አቀፍ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት የሰፈር ቡድን ከትንሹ ይጀምር። ሃምሳ ሺህ ብርን በደንብ ይዞ፣ በደንብ ሪፖርት ያደረገ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት አምስት መቶ ሺህ ሲጠይቅ የሚያሳየው ነገር አለው።

2. ሥራውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሱት

ምንም ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት፣ በመጨረሻ በእጅ የሚዳሰስ ምን ይቀራል? እነዚህ ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ ከፈጁ ሐሳቡ ገና አልበሰለም።

አንድ ቡድን ያመጣልኝ ረቂቅ እንዲህ ይል ነበር፦

«ፕሮጀክታችን የጎንደርን ጥንታዊ ባህላዊ ሙዚቃ በማሳደግ፣ ወጣቱን በማብቃትና የማኅበረሰቡን ንቃተ ኅሊና በማጎልበት ረገድ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረክታል።»

ይህ ዐረፍተ ነገር ለደብረ ታቦርም፣ ለወልድያም፣ ለማንም ይሆናል። አንድ ከሰዓት ተቀምጠን እንዲህ አደረግነው (ማራኪ የጎንደር ሰፈር፣ ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር ነው)፦

«ከ16 እስከ 22 ዓመት የሆናቸው 12 የማራኪ ልጆች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ከሁለት የቡርቧክስ አዝማሪዎች እጅ ማሲንቆ መሥራትና መምታት ይማራሉ። ከገና በኋላ እያንዳንዳቸው ራሳቸው በሠሩት ማሲንቆ ለሰፈሩ ሰው ይጫወታሉ፤ ማሲንቆውም የየራሳቸው ሆኖ ይቀራል።»

ልዩነቱን ተመልከቱት። ሁለተኛው ውስጥ «ማብቃት» የሚል ቃል የለም፤ ማብቃቱ ግን አለ። ልጁ ፍየል ቆዳውን ሲወጥር፣ የፈረስ ጭራውን ደጋኑ ላይ ሲያስር ይታያል።

ወራቱም ዝም ብለው አልተመረጡም። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾመ ነቢያት ነው፤ ሠርግ የለም፤ አዝማሪዎቹ እጃቸው ይፈታል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለውን የሠርግ ወቅት ብትመርጡ ኖሮ መምህር አታገኙም ነበር፤ ብታገኙም በሠርግ ዋጋ ነው። ጥር 10 እና 11 ከተማዋ እንግዳ ሞልቷት ክፍልም፣ መኪናም፣ ድምፅ ማጉያም በእጥፍ ነው። ክረምት ደግሞ ደጅ ላይ የሚሠራ ነገር አይታሰብም። ጎንደር ላይ የሥራ መርሐ ግብር የምታወጡ ሰዎች ከሁሉ በፊት የግድግዳ ካላንደር ይኑራችሁ። ይህን ሁሉ ፕሮፖዛሉ ላይ በአንድ መስመር ብትገልጹት ሩቅ ያለው አንባቢ «እነዚህ ሰዎች ቦታውን ያውቁታል» ይላል።

3. በማን ስም ነው የምታመለክቱት?

መንገዱ ሦስት ነው።

አንደኛው በግል ስም። አንዳንድ ሰጪዎች ግለሰብ አርቲስት ይቀበላሉ። የሚያስፈልገው መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ የባንክ ሒሳብ፣ ብዙ ጊዜም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ አንድ የማያልቅ ጣጣ አለ፦ ስም። «ብርሃኑ» የሚለው ስም ፓስፖርት ላይ በላቲን ፊደል «ኤች» ገብቶበት፣ ባንክ ላይ ሳይገባበት ተጽፎ ቢገኝ፣ ከውጭ የተላከው ገንዘብ ተንጠልጥሎ ይከርማል ወይም ይመለሳል። የእኔ አንድ ክፍያ በዚሁ ምክንያት ሰባት ሳምንት ቆይቷል። ከማመልከታችሁ በፊት መታወቂያውን፣ ፓስፖርቱንና የባንክ ደብተሩን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ሁለተኛው ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት ነው። አሁን የሚሠራው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። የቀደመው አዋጅ 621/2001 በመብት ጉዳይ ለሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ በ10 በመቶ ይገድብ ነበር፤ አዲሱ ይህን አንስቶታል። በቦርድ የሚመራ ድርጅት ለማቋቋም ሁለት መሥራቾች፣ በጠቅላላ ጉባኤ የሚመራ ማኅበር ለማቋቋም ደግሞ አምስት አባላት ይበቃሉ። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ድርጅት ምዝገባው በክልሉ ነው፤ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ከሆነ ወደ ፌዴራሉ ባለሥልጣን ይሄዳል። አዋጁ የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ እንደሚገድብ አትርሱ፤ በጀት ስንሠራ እንመለስበታለን።

ብዙ ወጣቶች «ጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተናል፣ ፈቃድ አለን» ይላሉ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያ የንግድ ፈቃድ ነው፤ ለትርፍ ላልተቋቋሙ ብቻ የተከፈተ ጥሪ (ሰጪው የሚያወጣው የማመልከቻ ማስታወቂያ) ላይ አይሠራም። ጥሪው ላይ ማን ማመልከት እንደሚችል የሚዘረዝረውን ክፍል ሳታነቡ ሦስት ሳምንት አታጥፉ።

ሦስተኛው፣ ለጀማሪ የምመክረው፣ አስተናጋጅ ድርጅት መያዝ ነው። የተመዘገበ ድርጅት ገንዘቡን በሒሳቡ ተቀብሎ፣ ለሰጪው ኃላፊነት ወስዶ፣ ለእናንተ በውል ያስተላልፋል። ለአገልግሎቱ ከገንዘቡ ጥቂት በመቶ ይወስዳል፤ ይህ ነውር አይደለም፣ ግን መቶኛው አስቀድሞ ይጻፍ። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይግባ፦ ገንዘቡ ከገባ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያስተላልፍ፣ ደረሰኝ ማን እንደሚያስቀምጥ፣ የሥራው መብት የማን እንደሆነ። በመተማመን ብቻ የተሠራ ነገር ሰኔ ላይ ሲያጣላ አይቻለሁ፤ ወንድማማች ሳይቀር።

4. የት ይፈለጋል?

ከቤት ጀምሩ። የከተማው ባህልና ቱሪዝም ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም፤ አዳራሽ፣ የድጋፍ ደብዳቤና ፈቃድ ግን ከእሱ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራልና የሚታቀድ ነገር ካላችሁ ግንቦት ላይ ንገሯቸው፤ ጥቅምት ላይ ብትሄዱ «ለሚቀጥለው ዓመት» ትባላላችሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በር አለው፤ ከሚመለከተው ክፍል መምህር ጋር የጋራ ሥራ ስታቀርቡ በሩ ሰፋ ይላል።

አዲስ አበባ ያሉት ጎተ ኢንስቲትዩት፣ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ፣ ብሪቲሽ ካውንስልና የጣሊያን ባህል ተቋም ለጥበብ ሥራ ገንዘብም፣ ቦታም፣ ባለሙያም የሚያገናኙ ናቸው። የማኅበራዊ ገጻቸውን ተከታተሉ፤ ጥሪ ሲወጣ እዚያ ነው የሚታየው። ቀጥሎ ኤምባሲዎች፣ ከዚያ ፕሪንስ ክላውስና ዩኔስኮን የመሳሰሉት። ኢትዮጵያ የዩኔስኮን የባህል ብዝኃነት ስምምነት በ2008 እ.ኤ.አ. ስላጸደቀች ለዩኔስኮው ፈንድ ከአገራችን ማመልከት ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ግራንት ሰጪ «የማስኬጃ ክፍያ ቅድሚያ ላኩ» አይልም። ያለ እንደሆነ ሌባ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወሩ «ማስታወቂያዎች» ሲደርሷችሁ ወደ ተቋሙ የራሱ ድረ ገጽ ሄዳችሁ ጥሪው እዚያ መኖሩን አረጋግጡ።

5. ጥሪውን እንደ አዝማሪ አንብቡት

አዝማሪ ቤት ውስጥ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ ግጥም ተቀብሎ በማሲንቆው ያወጣዋል። እንግዳው ስለ ውዱ ሲሰጥ ስለ ራሱ ቤት ኪራይ የሚመልስ አዝማሪ ሽልማት አያገኝም። ጥሪ «ተቀበል» ነው። «ወጣቶች» ካለ ስለ ወጣቶች፣ «የአየር ንብረት» ካለ የእናንተ ሥራ ከዚያ ጋር በእውነት ይገናኝ እንደሆነ ተነጋገሩ፤ ካልተገናኘ ተዉት። በግድ ማጣበቅ ይታያል።

ጥሪውን አትማችሁ በእስክሪብቶ አስምሩበት፦ የመጨረሻ ቀን፣ የገንዘብ ጣሪያ፣ ማን ማመልከት ይችላል፣ የማይሸፈኑ ወጪዎች፣ የቃላት ገደብ፣ ምዘናው በስንት ነጥብ። ምዘናው ከ100 ነጥብ 30ውን ለ«ዘላቂነት» ከሰጠና እናንተ ስለ ዘላቂነት ሁለት መስመር ከጻፋችሁ ውጤቱን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

6. አጻጻፉ

በመጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። እንግሊዝኛው ያስፈራችኋልና ሐሳቡን አብሮ ይሸሽጋል። በአማርኛ ጥርት ካለ በኋላ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይተርጉመው፤ ከዚያ ያው ሰው እንደገና በአማርኛ ያስረዳችሁ። ካላችሁት ጋር ካልገጠመ ትርጉሙ ነው የተበላሸው። ሙያዊ ቃላችሁን አትጣሉ። «ቅኝት» እንዳለ ይቀመጥና በአንድ መስመር ይብራራ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብላችሁ ስትዘረዝሩ ሙያውን እንደምታውቁት ይታያል። ሁሉን ነገር «ባህላዊ» ማለት ግን ምንም አለማለት ነው።

የጎንደርን ታሪክ በተመለከተ፣ አንድ አንቀጽ ይበቃል። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ.፣ የጥምቀት በዓል በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መመዝገባቸው ጠቃሚ ነው፤ ግን ከሥራችሁ ጋር ካያያዛችሁት ብቻ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት የሚጠቅስ ፕሮፖዛል ብዙ ነው። የእነዚያን ዓይኖች አሣሣል ለማጥናት ስምንት ሠዓሊዎች ለሁለት ሳምንት እንደሚቀመጡ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመሥራት ወይም ለመቅረጽ ከደብሩና ከሀገረ ስብከቱ፣ ቅርስ ላይ ከሆነ ከሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ካላችሁ አያይዙ፤ ከሌላችሁ ሒደቱ የት እንደደረሰ ጻፉ።

ለ«ምን ስጋት አለ?» ጥያቄ «ምንም ስጋት የለም» ብሎ መመለስ የልጅ መልስ ነው። እኛ የምንኖርበትን ሁኔታ ሰጪውም ዜና ላይ ያየዋል። መንገድ ቢዘጋ የቡርቧክሱ መምህር እንዴት ይመጣል? ሰዓት እላፊ ቢታወጅ ትምህርቱ ወደ ቀን ይዞራል ወይ? ኢንተርኔት ቢቋረጥ ሪፖርቱ በማን በኩል ይላካል? ሁለት ሦስት ስጋትና ለእያንዳንዱ መላ ጻፉ። ይህ ክፍል የሚያስመሰግናችሁ ነው።

7. በጀት

አብዛኛው ገምጋሚ መጀመሪያ የሚገልጠው ይህን ገጽ ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ ገምጋሚ ሆኜ ተቀምጬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በጀት የሥራው ታሪክ በቁጥር ነው። ጽሑፉ ላይ 12 ልጅ ብላችሁ በጀቱ ላይ 15 ማሲንቆ ከገዛችሁ ሦስቱ የማን ናቸው?

ከላይ ያነሣነውን የማሲንቆ ሥልጠና እንውሰድ። ዋጋዎቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው፤ የራሳችሁን ከገበያ አምጡ፦

የመምህራን ክፍያ፦ 2 ሰው × 24 ቀን × 800 ብር = 38,400
የማሲንቆ መሥሪያ (እንጨት፣ የፍየል ቆዳ፣ ጭራ፣ ዕጣን)፦ 12 × 2,500 = 30,000
የመምህራን ትራንስፖርት፦ 2 × 24 × 150 = 7,200
ሻይና ዳቦ፦ 14 ሰው × 24 ቀን × 40 = 13,440
ፎቶና ቪዲዮ፦ 15,000
ለማጠቃለያው ቀን ድምፅ ማጉያ ኪራይ፦ 10,000
አስተባባሪ፦ 3 ወር × 6,000 = 18,000
ስልክ፣ ኮፒ፣ የባንክ አገልግሎት፦ 4,000
መጠባበቂያ 5 በመቶ፦ 6,802
ጠቅላላ፦ 142,842 ብር

እያንዳንዱ መስመር ብዛት ሲባዛ በነጠላ ዋጋ ሆኖ መጻፉን አስተውሉ። «ለመምህራን 40,000» ብቻ የተባለ በጀት ከአየር የተቀዳ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ነው። አስተባባሪውና የጽሕፈት ወጪው አንድ ላይ 22,000 ነው፤ ከጠቅላላው 15 በመቶ ገደማ፤ ከ20 በመቶው ጣሪያ በታች ነው።

አስተባባሪው ይከፈለው። «እኛ በነጻ ነው የምንሠራው» ማለት ትሕትና ይመስላል እንጂ አያዋጣም፤ በነጻ የሚሠራ ሰው በሁለተኛው ወር ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል፣ ሰጪውም ይህን ያውቃል።

እናንተ የምታዋጡትንም ጻፉ። ጥሬ ብር የላችሁም? አዳራሹን ቀበሌው በነጻ ከሰጣችሁ 24 ቀን × 500 ብር ብላችሁ 12,000 ብር በዓይነት የተዋጣ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የሰፈሩ ዕድር ለማጠቃለያው ቀን ድንኳንና ወንበር የሚያበድር ከሆነ እሱም ዋጋ አለው። ከዕድሩ ዳኛ አንድ ገጽ ደብዳቤ ተቀበሉ። አንድ ወቅት የአንድ ዕድር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ከከተማው ከመጣው ይልቅ ገምጋሚዎቹን ደስ አሰኝቶ ነበር፤ ሰፈሩ ራሱ እንደሚፈልገው አሳያቸው።

ዋጋ በፕሮፎርማ (ሻጩ ጽፎ በሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ) ይደገፍ። ለትልልቅ ዕቃ ከሦስት ሱቅ ውሰዱ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆዳ የምትሸጥላችሁ እናት ግን ፕሮፎርማ አትሰጥም፤ እሷ ዘንድ ዋጋውን ጠይቃችሁ ቀኑንና ቦታውን በማስታወሻ ያዙ።

አሁን ወደ ምንዛሪው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ያን ጊዜ በብር ብቻ ውል የፈረሙ የዕቃ ዋጋ ሲንርባቸው ተጨነቁ፤ በዶላር ወይም በዩሮ የፈረሙ ደግሞ ብሩ በዛላቸውና «ትርፉን ምን እናድርገው?» ብለው ተቸገሩ። ስለዚህ በጀታችሁን በሁለቱም ገንዘብ አስቀምጡ፤ የተጠቀማችሁበትን ተመንና የተወሰደበትን ቀን ከግርጌ ጻፉ፤ ልዩነት ቢመጣ ለምን እንደሚውል አንድ መስመር ጨምሩ። የእኔ መስመር ብዙ ጊዜ «ትርፍ ከተገኘ ለተጨማሪ ሁለት ሠልጣኞች መሥሪያ ይውላል» የሚል ነው።

8. አባሪዎች

ለሙዚቀኛ ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮ፣ ለሠዓሊ ከስምንት እስከ ዐሥር ጥርት ያለ ፎቶ። ቪዲዮው የሠርግ ቀረጻ አይሁን፤ ጩኸቱ ይውጠዋል። ጠዋት፣ ፀጥ ባለ ግቢ፣ ስልክን በጀርባ ካሜራው በወርዱ ይዞ አንድ ዜማ መቅዳት ይበልጣል። ሥዕል በፀሐይ ላይ አይነሣ፤ ጥላ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ክፈፉ ቀጥ ብሎ። እያንዳንዱ ፋይል ስም ይኑረው፤ «ፎቶ 1»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ» የሚባል ፋይል አይላክ።

9. ላኩት፤ ከቀኑ በፊት

የውጭ ጥሪ «እስከ 23:59 በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት» ካለ በእኛ በክረምታቸው ከሌሊቱ 7:59፣ በበጋቸው ከሌሊቱ 6:59 ነው፤ ያም ቀኑ ከተቀየረ በኋላ። ቀኑንም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ግድግዳ ላይ ጻፉ፤ የአንድ ቀን ስሕተት የሦስት ወር ድካም ያስቀራል።

እኔ የራሴን መጨረሻ ቀን ከእውነተኛው አምስት ቀን ቀድሜ ነው የማደርገው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሲቆይ ያላለቀ ማመልከቻ የያዘ ሰው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቅጹን ድረ ገጹ ላይ በቀጥታ አትሙሉ፤ ጥያቄዎቹን ወርድ ላይ ገልብጣችሁ፣ መልሱን እዚያው ጽፋችሁ፣ በፍላሽ አስቀምጡ። አዲስ አበባ አንድ የምታምኑት ሰው ሙሉ ቅጂው ይኑረው፤ ካስፈለገ እሱ ይላከው።

10. ገንዘቡ ሲመጣ

ውሉን ሙሉውን አንብቡ፤ የቪዲዮና የቅጂ መብት አንቀጹን ሁለት ጊዜ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ሥራው የሠሪው ነው፤ ውል ግን አሳልፎ ሊሰጠው ይችላል። ሰጪው ለማስተዋወቂያ መጠቀሙ የተለመደ ነው፤ ብቸኛ ባለቤት መሆኑ ግን አይደለም። ይህን ብትጠይቁ የሚቀየም የለም።

ለሥራው ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ በሁለት ፈራሚ ክፈቱ። ከዚያ አንድ ደብተር፦ ቀን፣ ምን፣ ለማን፣ ስንት፣ የደረሰኝ ቁጥር። ማታ ማታ ይሞላ። ሳምንት ካለፈ ማንም አያስታውስም።

ደረሰኝ የሌለው ክፍያ እንዴት ይሆናል? ይህ ጥያቄ የሚነሣው አዝማሪው ላይ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ላይ ጋሼ (ስማቸውን አልጠራም) የ12 ቀን ክፍያቸውን ልሰጣቸው ብሄድ «ፈርሙ» ስላቸው ዓይኔን አይተው «ልጄ፣ አባቴም እኔም ተፈራርመን ዘፍነን አናውቅም» አሉኝ። በመጨረሻ አሻራቸውን አሳረፉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቅጹን ራሳቸው ነበሩ «የታል ወረቀትህ?» እያሉ የሚጠይቁኝ። የክፍያ መፈረሚያ ቅጹ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሥራው ዓይነት፣ የቀን ብዛት፣ መጠን፣ ስልክ፣ ፊርማ ወይም አሻራ ይኑረው፤ ሁለት ምስክር ይፈርም። በባንክ ወይም በቴሌብር መክፈል ከጥሬ ገንዘብ ይሻላል፤ ማስረጃው ራሱ ይቀመጣል። ለሌሎች አቅራቢዎች ስትከፍሉ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ አስቀድሞ የሚያዝ ግብር) የመቀነስ ግዴታ ሊኖርባችሁ ይችላልና ከመክፈላችሁ በፊት ለገቢዎች ጠይቁ፤ ከፍላችሁ ስትጠይቁ ቅጣቱ ከኪሳችሁ ነው።

ወጪ ከበጀቱ መስመር መስመር ሲዛወር ሰጪውን በኢሜይል አስፈቅዱ። ድምፅ ማጉያው ረክሶ ማሲንቆው ከተወደደ ሁለት መስመር ጽፋችሁ «ይህን ልናዛውር ነው» በሉ። አብዛኛው ይፈቅዳል። ሪፖርት ላይ ሲያገኘው ግን ይናደዳል።

11. ሪፖርት

ሪፖርቱ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፦ በየክፍለ ጊዜው ፊርማ ያለበት የመገኘት ወረቀትና ሦስት ፎቶ። ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ልጅ ፎቶ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ።

የወደቀውንም ጻፉ። ከ12ቱ ልጆች ሦስቱ አቋርጠው ከሆነ ሦስቱን፣ ለምን እንዳቋረጡ፣ በቦታቸው ማን እንደገባ። ሁሉም መቶ በመቶ የተሳካበት ሪፖርት የሚያምነው የለም። ቀሪ ገንዘብ ካለ መልሱ ወይም ለምን እንደሚውል ጠይቁ።

ካልተሳካላችሁና «ይቅርታ፣ አልተመረጣችሁም» የሚል መልስ ከመጣ፣ በጨዋ ቃል አስተያየት ጠይቁ። ሁሉም አይመልስም፤ ከመለሰ ግን ሁለቱ መስመሩ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል። እኔ ያንን የመጀመሪያውን ዐሥራ ሁለት ገጽ ወደ ሦስት ቀንሼ፣ የዐፄ ፋሲልን ዘጠኝ ገጽ ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር አውርጄ በዓመቱ መልሼ ላክሁት። ከመላኬ በፊት ግን ፒያሳ ሄጄ ለዚያች ጸሐፊ አነበብኩላት፤ «እሺ፣ አሁን ማሲንቆ ልታስተምሩ ነው» አለች።